መልስ፦ ለከብት አርቢዎች የአዳራሽ ኮርስ ወይስ የሜዳ ቡድን?

ወንድሜ፣ «የቦረና ከብት አርቢዎችን ስለ ግጦሽ አያያዝ ለማሠልጠን አዳራሽ ይሻላል ወይስ በቡድን ሜዳ ላይ?» ብለሃል። እኔ ሜዳውን እመርጣለሁ። የአዳራሹ ሥልጠና ብዙ ጊዜ አበል ተከፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ያልቃል።

የአርብቶ አደር የመስክ ትምህርት ቤት የሚባለውን እይ። መነሻው በ1989 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለሩዝ ገበሬዎች የተጀመረው ዘዴ ነው። ከ20 እስከ 30 ሰው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግጦሹ ላይ ይገናኛል። አንድ ችግር ይመርጣሉ። ለምሳሌ ቁጥቋጦ የወረረውን መሬት መንጥረው ግማሹን ያጥራሉ፣ ግማሹን ክፍት ይተዋሉ። ከዚያ ሣሩን እያዩ ይከራከራሉ። አሠልጣኙ ሌክቸር አይሰጥም፤ ይጠይቃል እንጂ። ለባለሙያ ከባዱ ይሄ ነው፣ ዝም ማለት ያቅተዋል!

ቦረናዎች ደግሞ ለጥጃና ለደከመ ከብት ሣር የሚከልሉበት «ካሎ» አላቸው። ከእሱ ጀምር። ሽማግሌዎቹን አስቀድመህ አማክር፤ እነሱ ያልተስማሙበት አጥር ብዙ አይቆምም። በበጋ ወጣቶቹ ከፎራ ከብት (ከመንደር ርቆ ከሚሰማራው መንጋ) ጋር ርቀው ስለሚሄዱ ዋናውን ትምህርት በዝናብ ወራት አድርገው።