ሸራው አዲስ ሆኖ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ለምን ይሰምጣል?

ጥያቄ፦ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባሴን አልጋ፣ ማብሰያና 150 ሊትር የሚይዝ የውሃ ታንከር ገጥሜለት የጉዞ ማደሪያ አድርጌዋለሁ። ጭነቱ ኋላውን ስላጎበጠው ተጨማሪ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) አስገብቼ ከፍ አደረግሁት። ለሙከራ ወንጪ ሐይቅ ደርሼ ወደ አምቦ ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ ቆሜ ሲበርድ ተመለሰ። የፊት ጎማዎቹ ሽታ ነበራቸው፣ የኋላዎቹ ግን በእጅ ይነኩ ነበር። የፊቱን የፍሬን ሸራ በአዲስ ብቀይርም ችግሩ አልጠፋም። ከቤተሰቤ ጋር በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ቀስ ብለን አርባ ምንጭ ለመውረድ፣ ዓባያንና ጫሞን አይተን ዶርዜ ለመውጣት አስበናል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የዘረዘሩት ምልክት ሸራውን ነፃ ያወጣዋል። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልያዝ ይላል። የእርስዎ ፔዳል ግን ሰምጦ ሲበርድ መመለሱ የፍሬን ዘይቱ እንደፈላ ያመለክታል፤ ዘይት በግፊት አይጨመቅም፣ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይጨመቃልና እግርዎ የሚሰጠው ኃይል ጎማው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እያረጀ ሲሄድ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት መለኪያው 140 ይሆናል፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው።

የዘይቱ ማርጀት ግን ብቻውን አይመስለኝም። እንደ ዋዛ የጠቀሱት የኋላ ጎማዎች መብረድ ነው ዋናውን ነገር የሚናገረው። እንደ እርስዎ ዶልፊን ባሉ ብዙ የቶዮታ ሃይኤሶች ላይ ከኋላ አክሰሉ (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት እንደ ጭነቱ መጠን የሚቆጣጠር ቫልቭ አለ፤ ጭነት ሲበዛ ሻንሲው (የመኪናው አካል የተቀመጠበት ብረት) ወደ አክሰሉ ስለሚጠጋ ቫልቩ ግፊቱን ይጨምራል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይቀንሳል። እርስዎ ባሌስትራ ጨምረው ኋላውን ከፍ ሲያደርጉት ቫልቩ ሙሉ ጭነት የያዘውን መኪና ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የኋላ ፍሬን ድርሻውን ሳይሠራ፣ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ወድቆ፣ የፊቱ ሙቀት ያረጀውን ዘይት አፍልቶታል።

እንግዲህ መጀመሪያ መኪናው ሥር ተገብቶ ዘንጉ ይታይ፤ ዝጎ የተያዘ ወይም የተነቀለም ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው ታንከሩ ሞልቶ፣ ዕቃው ሁሉ በቦታው ሆኖ፣ በግፊት መለኪያ ይሠራ። ቫልቩ ሁልጊዜ ጭነት እንዳለ እንዲቆጥር ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ አስሮ መልቀቅ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ እኔ እዚህ ዓለም ገና ባለው ጋራዤ እንዲህ ታስሮ የመጣ መኪና ሳልፈታው አላስወጣም፣ ምክንያቱም ዝናብ ላይ ባዶውን ሲነዳ ኋላው ዞሮ ፊት ሊቀድም ይችላል። የኋላው ታንቡሮም (የፍሬን ከበሮ) ይከፈት፤ ዘይት የነካው ሸራ ካለ ይቀየር። ከዚያ አሮጌው ዘይት ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ተገፍቶ ወጥቶ፣ ካልተከፈተ ጣሳ በዶት 4 ይተካ። ጎድሏል ብሎ ላዩ ላይ መሙላት ለዚህ ችግር አይረዳም።

ከዶርዜ አጠገብ ያለችው ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 100 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሙቀት ፍሬን ብቻውን መሸከም ስለሌለበት ሞተሩ ያግዘው፤ ዳገቱን በወጡበት ከባድ ማርሽ ይውረዱ፣ ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይያዙ። ፍጥነት ሲጨምር ጠበቅ አድርገው ይዘው ይልቀቁ እንጂ እግርዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው አይጓዙ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ወይም ሞተር ማጥፋት ጨርሶ አይታሰብ፤ ሞተሩ ከጠፋ ፔዳሉን የሚያቀልለው የቫኪዩም ፓምፕም አብሮ ይቆማል። ታንከሩንም ወደ ዶርዜ ሳይወጡ ያጉድሉት፤ 150 ኪሎ ያህል ውሃ ተራራ ላይ አውጥቶ መልሶ ማውረድ ትርፉ ድካም ነው።

ፔዳሉ ደግሞ ከሰመጠ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ይሳቡ። ከቆሙ በኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡ (ሲነሡም አንሥተውት ይሂዱ፣ ለሌላው ሾፌር ጠንቅ ነው)፣ የጋለ ዲስክና ታንቡሮ ላይም ውሃ አያፍስሱ።

ቤተሰብዎን ከመጫንዎ በፊት ብቻዎን፣ በሙሉ ክብደት፣ ያንኑ የአምቦ ቁልቁለት በቀን ብርሃን ይሞክሩት። ከታች ሲደርሱ ቆመው እጅዎን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ጎማዎች ያስጠጉ፤ ፊቱ ከኋላው መሞቁ ያለ ነገር ነው፣ ኋላው ግን አሁንም ቀዝቃዛ ከሆነ ቫልቩ አልተስተካከለምና የአርባ ምንጩን ጉዞ ያዘግዩት።