ስለ ጥንት ባልካን ቋንቋዎች የተጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዛሬዎቹ ቡልጋሪያ፣ ሮማኒያና አልባኒያ ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት ይነገሩ ስለነበሩት የትራክያ፣ የዳክያና የኢሊርያ ቋንቋዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጠፍተዋል ከተባለ መኖራቸው በምን ታወቀ?

መ፦ ከሁሉ በላይ በስም። የሰው፣ የወንዝና የከተማ ስም ሕዝብ ካለቀም በኋላ ይቆያል። በጥቁር ባሕር ዳር ሜሴምብርያ የምትባል ከተማ ነበረች፤ የጥንቱ የግሪክ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን «ብርያ» በትራክያ ቋንቋ ከተማ ማለት እንደሆነ ጽፏል። የዳክያ የዕፅዋት ስሞች ደግሞ በግሪኩ ሐኪም በዲዮስቆሪዴስ የመድኃኒት መጽሐፍ ቅጂዎች ውስጥ ተይዘው ተርፈዋል።

ጥ፦ የትራክያ ጽሑፍ በግሪክ ፊደል ነው ይባላል። ታዲያ ማንበብ ለምን አቃተ?

መ፦ እህቴ፣ ድምፁን ማንበብማ አላቃተም፤ የጠፋው ትርጉሙ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ቡልጋሪያ ውስጥ ኤዜሮቮ በተባለ መንደር የወርቅ ቀለበት ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ8 መስመር 61 ፊደላት ተቀርጸውበታል፤ «ሮሊስቴኔያስ» ብሎ ይጀምራል፤ ብዙዎች የሰው ስም ነው ይላሉ። ከዚያ በኋላ ግን ቃል ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብም ሆነ ክፍት ቦታ የለም። አንዱ ሊቅ እዚህ ጋ ሲቆርጠው ሌላው እዚያ ጋ ይቆርጠዋል፤ ትርጉሙም በዚያው ይለወጣል። ከ20 በላይ ትርጉም ቀርቦለት አንዱም ስምምነት አላገኘም። ስለዚህ «ፈታሁት» የሚል ሰው ስትሰሙ አትቸኩሉ። 61 ፊደል ለፈለጉት ሐሳብ ሁሉ ይመቻል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ጥ፦ ኢሊርያስ?

መ፦ ሮሜ 15፥19 ላይ «እልዋሪቆን» የተባለው አገር ነው። በራሱ ቋንቋ የተጻፈ፣ እርግጠኛ የሆንበት አንድም ጽሑፍ የለንም። በአልባኒያ ሽኮድራ ከተማ አካባቢ የተገኘ አንድ ቀለበት የኢሊርያ ጽሑፍ አለበት ሲባል ቆይቶ የቢዛንታይን ዘመን ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ።

ጥ፦ አልባንኛ የኢሊርያ ልጅ ነው?

መ፦ ከቦታው አንጻር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሊቃውንትም ወደዚያ ያዘነብላሉ። ነገር ግን አልባንኛ ተጽፎ የምናገኘው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ከኢሊርያ በኩል የሚነጻጸር ጽሑፍ ሳይኖር ተረጋግጧል ማለት አይቻልም።

ጥ፦ ከዘመዶቻቸው የተሻለ የሚታወቅ አለ?

መ፦ ዘመዳቸው ሲባል የቆየው፣ በዛሬዋ ቱርክ ይነገር የነበረው የፍርግያ ቋንቋ። ወገኑ ከግሪክኛ ጋር ነው እንጂ ከትራክያ ጋር መሆኑ አጠራጣሪ ነው። በሮማውያን ዘመን የፍርግያ ሰዎች መቃብራቸው ላይ «በዚህ መቃብር ላይ ክፉ የሚያደርግ» ብሎ የሚጀምር እርግማን ያስቀርጹ ነበር። እርግማኑ ከድንጋይ ድንጋይ ይደጋገማል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ላይ ግሪክኛ ጽሑፍ አብሮት አለ። የኤዜሮቮው ቀለበት ያጣው ይህንን ነው።

ጥ፦ ትራክያ ወደፊት የሚፈታ ይመስልዎታል?

መ፦ ተስፋ አለኝ፤ ተስፋዬ ግን በቁፋሮ እንጂ በግምት አይደለም። በኤጅያን ባሕር ዳር ዞኔ በተባለች ከተማ፣ አፖሎን በተባለው የግሪኮች አምላክ ቤተ መቅደስ፣ ለአምላኩ በስጦታ የቀረቡ፣ የትራክያ ቃላት የተጫሩባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። አጫጭር ናቸው፤ ግን ስጦታው ለማን እንደቀረበ ይታወቃል፣ ቃላቱም ይደጋገማሉ። እንዲህ ያለ አሥር ስባሪ ለእኔ ከአንድ የወርቅ ቀለበት ይበልጥብኛል።