«የኤሌክትሮን ጨረር ምን ያበላል?»

ልጄ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከፍተኛ ቮልቴጅን በኤሌክትሮን ጨረር በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ላይ ልትሠሪ እንዳሰብሽ፣ አባትሽ ግን «ይህ ምን ያበላል? ባንክ ግቢ» እንዳሉሽ ጽፈሻል። መልሴ ረዘም ቢል አትታዘቢኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ነው።

ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ባልደረባዬ ኮረንቲ እየሄደበት ያለን መስመር፣ ኮረንቲ በሌለበት ብቻ መከፈት ባለበት መለያያ ሊቆርጥ ሲሞክር ክንድ የሚያህል ሰማያዊ እሳት በሁለቱ ጫፎች መካከል ተዘርግቶ አልላቀቅም አለ። ማብራት ቀላል፣ ማጥፋት ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። ያም ሆኖ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነበር፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከር (ኮረንቲ የሚቆርጠው መሣሪያ) ፋታ ያገኛል። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ በሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያለው ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን ዜሮን ስለማያልፍ ይህ ፋታ የለውም።

ርዕስሽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጨረሩ በስስ የብረት ቅጠል አልፎ ጋዝ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ጋዙ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ጨረሩ ሲቋረጥ ደግሞ ጋዙ ኤሌክትሮኖቹን መልሶ ይውጣቸዋል፣ መንገዱም ይዘጋል። በእሳት ብልጭታ የሚበራ ማብሪያ አንዴ ከበራ እንዲህ አይታዘዝም።

አባትሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው፤ «የኤሌክትሮን ጨረር ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። አብዛኛውን ቦታ ሴሚኮንዳክተር ወስዶታል፤ የሶዶው ጣቢያም የሚሠራው ታይሪስተር በሚባል የሴሚኮንዳክተር ማብሪያ ነው። ችግሩ ግን ያው የማብራትና የማጥፋት ችግር ነው። በጥቁር አንበሳ ካንሰር የሚታከምበት ሊኒየር አክስለሬተር (ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ጨረር የሚያመነጭ መሣሪያ) እንኳ ከፍተኛ ቮልቴጅን ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ እያበራ፣ ይህንኑ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ነው የሚሠራው። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ታናናሾችሽን እንድታስተምሪ ስለሚጠበቅብሽም ነግረሽኛል። አባትሽ ይቅር ይበሉኝና፣ የልጆቻቸው የትምህርት ወጪ የእርሳቸው ኃላፊነት ነው። ደመወዝ ማካፈል ሌላ፣ ሙያን ማስረከብ ሌላ። ባንክ ገብተሽ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ምህንድስና ልመለስ ብትዪ በሩን ማን ይከፍትልሻል?

ቤተ ሙከራችሁ መሣሪያ ከሌለው በኮምፒውተር ስሌት ሥሪው። ያሳሰበሽ 3.1 አማካይ ውጤትሽ አያሳፍርም። እንግሊዝኛሽም በንባብ ይሻሻላል።

ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ከመቸኮልሽ በፊት ግን ሁለት ዓመት ሰብስቴሽን ሥሪ፤ ደመወዙ ከባንክ ቢያንስም ግቢ። የጎማ ጓንት ሲሰጡሽ ከአንጓው ጠቅልለሽ አየር ያዢበትና ወደ ጆሮሽ አስጠጊው፤ ሽው የሚል ድምፅ ከሰማሽ መልሺላቸው።