ሻንጣውን ይዞ እስከ ጣቢያው

ልባችሁ ለተሰበረ፣ በሰው አገር ብቻችሁን ለምታመሹ ልጆቼ፦

ዳላስ መሀል ከተማ፣ ፓርክ አቬኑ ላይ፣ ቁጥሩ 508 የሆነ አሮጌ ሕንጻ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1937፣ እሑድ ዕለት፣ ሮበርት ጆንሰን የሚባል የሚሲሲፒ ልጅ ጊታሩን ይዞ እዚያ ተቀመጠና «ላቭ ኢን ቬይን» የተባለውን ዘፈን ቀዳ። ከንቱ የቀረ ፍቅር እንደ ማለት ነው። 26 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ኦገስት ላይ ሞተ፤ ሸክላው ሲወጣ እሱ አልነበረም።

እኔ ዘፈኑን የሰማሁት ባለቤቴ ትቶኝ በሄደ ሰሞን ነው። በዚሁ ከተማ ሌሊት ሌሊት በነርስነት እሠራ ነበር። አብራኝ የምታድር ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን። አንድ ጧት ከሥራ ስንወጣ መኪናዋ ውስጥ አስገብታ አሰማችኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ሰውየው የሚወዳትን ሴት ተከትሎ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሄዳል፤ ሻንጣው በእሱ እጅ ነው። ባቡሩ ይደርሳል፣ ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ ብቸኝነቱ ያስለቅሰዋል። ባቡሩ ሲርቅ ከኋላው ሁለት መብራት ይታየዋል። ሰማያዊው ሐዘኔ ነው ይላል፣ ቀዩ ደግሞ ሐሳቤ። (በእንግሊዝኛ ሰማያዊ ማለት የከፋው ማለትም ነው፤ ይህ ዘፈን የሚመደብበት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ብሉዝ፣ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው።) በቃ። አይሰድባትም፣ አይረግማትም። ያየውን ብቻ ይነግረናል።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ድግግሞሹ ነበር። ብሉዝ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ይለዋል፤ የሚቋጨው በሦስተኛው ነው። «ሰማነው እኮ፣ ለምን ይደግመዋል?» አልኳት። «አንቺስ የትናንቱን ዛሬም አልነገርሽኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለሳምንታት፣ መድኃኒት አድለን አረፍ ስንል፣ ያንኑ ታሪክ በዚያው ቃል እነግራት ነበር። አንድም ቀን «ነግረሽኛል» ብላኝ አታውቅም።

አደራ የምላችሁ ይህንኑ ነው። ቴሌግራም ላይ ገብታችሁ ስሙን ወይም ስሟን ከማብጠልጠላችሁ በፊት፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰው የሆነውን እንደሆነው ንገሩት፤ የት ቆማችሁ እንደነበር፣ በእጃችሁ ምን እንደያዛችሁ፣ መጨረሻ ያያችሁት ምን እንደሆነ። ጓደኛችሁ ደግሞ ለአሥረኛ ጊዜ ሲነግራችሁ «እርሳት፣ ሌላ ታገኛለህ» አትበሉት። ሦስተኛው ስንኝ ገና አልመጣለትም።

መጨረሻው ላይ ጆንሰን ቃል ያልቅበታል። ያንጎራጉራል፣ የሴት ስም ይጠራል፣ መልሶ ያንጎራጉራል። ያንን ድምፅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሽተኞች ክፍል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር ያደረግኩላቸው ነገር አልነበረም። እናንተም እኩለ ሌሊት ደውሎ ዝም የሚል ወዳጅ ካላችሁ፣ ስልኩን አትዝጉበት።