«ለዕድሜዎ እንዲህ ይሻላል»

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት በወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠራኝ መጥታ፣ ደጃፌ ላይ እንደ ቆመች አንድ ነገር ለመነችኝ። እናቷ ሃምሳ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ቱታና የስፖርት ጫማ ገዝተው በየማለዳው ወደ ጦሳ ሽቅብ መራመድ ጀምረዋል። ልጅቷም «ሰፈሩ እያወራባት ነው፤ እርስዎን ትሰማለችና ዕድሜዋን እንድትመስል ቢመክሩልኝ» አለችኝ። እሺም እምቢም ሳልላት ተከትያት ሄድሁ፤ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ስጠጣ ግን ሐሳቤ ከአርባ ዓመት በላይ ለማንም ሳልነግረው በኖርሁት አንድ ቀሚስ ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊ ነበርሁ። በ1974 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሲንጀር መኪና እየሰፋሁ የምኖር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ አንዲት ወይዘሮ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው መጡ። ልጃቸውን በቀይ ሽብር እንዳጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጥቁሩንም ከዚያ ወዲህ አላወለቁትም ነበር። በብብታቸው የያዙትን የጋዜጣ ጥቅል ሲፈቱት የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ወጣ። የእህታቸው ልጅ ኮምቦልቻ ልትዳር ነውና ለሠርጉ የሚለብሱት ቀሚስ እንድሰፋላቸው ፈለጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወገቡ ያዝ ያድርገኝ፤ እጅጌው ከክርን አይለፍ፤ አንገቱም ትንሽ ከፈት ይበል» አሉኝ። ልካቸውን ስወስድም ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጠበቅ እንዳደርገው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ያን ማታ ከፋዩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በጠመኔ ማስመር ስጀምር እጄ ቆመ። «ሐዘኗን ረሳች» ሲሏቸው፣ «በዚህ ዕድሜዋ ልጃገረድ ልሁን አለች» ሲሏቸው አስቀድሞ ተሰማኝ። እኔም ማንም ሳይሾመኝ የክብራቸው ጠባቂ ሆንሁና ወገቡን ለቀቅ፣ እጅጌውን እስከ አንጓ ረዘም፣ አንገቱን ዘጋ አድርጌ ቆረጥሁት። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ገበሩን እንኳ በእጄ ነበር የሰፋሁት፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝም በሰላም ተኛሁ።

በቀጠሮው ቀን ከመጋረጃው ኋላ ለብሰውት ወጡና መስታወቱ ፊት ቆሙ። እኔም ዝምታቸው ሲረዝምብኝ «ለዕድሜዎ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነው» አልሁ። አልተቆጡኝም። ጨርቁን በመዳፋቸው ከደረታቸው ወደ ታች ደባበሱትና «ይኼ የእናቴ ቀሚስ ነው» አሉ። ከዚያ ጥቁሩን መልሰው ለበሱ፤ ከፋዩን በዚያው ጋዜጣ ጠቀለሉ፤ ቀሪውን ሒሳብ ቆጥረው ሰጡኝና ወጡ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሰኞ ገበያ አየኋቸው። ጥቁር ለብሰው ነበር። ወደ ሠርጉም በዚያው በጥቁሩ እንደ ሄዱ ሰማሁ።

ሙያውን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አጥብቦ የተቆረጠን ልብስ ማስፋት ይቸግራል፣ ጨርቁ ከሌለ ከወዴት ይመጣል? ሰፊውን ማጥበብ ግን የአንድ ማታ ሥራ ነው። እጅጌውን ማሳጠር፣ ወገቡን መያዝ፣ አንገቱን ከፈት ማድረግ፣ ሁሉም በእጄ ነበር። ቤታቸውንም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሄዶ «እትዬ፣ ይስጡኝና ላስተካክለው» ማለት ተሳስቻለሁ ማለት ሆነብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ፤ በኋላም ወደ አዲስ አበባ መሄዳቸውን ሰማሁ።

ይህን ያደረግሁት እኔ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. እግሩ መሬት የሚጠርግ ቤልቦትም ለብሼ፣ ጸጉሬን አፍሮ አበጥሬ በፒያሳ የተመላለስሁ ሰው ነበርሁ። አባቴ «ከእኔ ጋር አትሂድ» ብለው ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላቸው ያስከተሉኝ ዕለት እንዴት እንደ ከፋኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ያ ቁጭት ግን መቀስ በያዝሁበት ማታ ትዝ አላለኝም።

የዛሬ ልጆችን የምታዘባችሁም በዚሁ ነው። ለራሳችሁ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ስትለብሱ «ነፃነቴ ነው» ትላላችሁ፤ እናታችሁ ቀለም ያለው ነገር ስትለብስ ግን ከእድር ዳኛ ይልቅ ትከብዳላችሁ። በሠርግ ላይ ሽማግሌ እስክስታ ሲመታ በስልክ ቀርጻችሁ ለመሳቂያ ታሰራጫላችሁ። እኛ የሰው ሐሜት ፈርተን ነበር፤ እናንተ ምን ፈርታችሁ እንደሆነ አልገባኝም።

ዕድሜ ከአለባበስ ጋር ምንም አያገናኘውም አልላችሁም። ባለፈው ዓመት አንድ እኩያዬ እግሩን አጣብቆ የያዘ ጂንስ ለብሶ ባየው ዓይኔን መልሻለሁ፤ ዓይኔን መመለሴ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁም መልሻለሁ። እኔ ራሴም ከጋቢና ከከዘራ አልወጣም። ነገር ግን ስንት ዓመት ስሰፋ ያየሁት፣ ልብስን የሚያዝዘው ከዕድሜ ይልቅ የሚሄዱበት ቦታና የአየሩ ጠባይ ነው። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ ሲገባ ጋቢውን ያጥፈዋል፤ ስለዚህ የሚወቅሰው የለም። ለቅሶ ቤት የምትገባ ሴት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች፤ ይህን የሃያ ዓመቷም የሰባ ዓመቷም እኩል ታደርገዋለች። ወጣትም ሆነ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ እንደ ጭፈራ ቤት ለብሶ ቢመጣ እቆጣለሁ፤ የምቆጣው ሐዘንተኛውን ስለናቀ ነው።

ከዕድሜ ጋር የሚሄድ ጠባይ የምለው ሌላ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የተጣሉትን ለማስታረቅ ተጠርቶ ወደ አንዱ ቢያደላ፣ የሰማውን ምስጢር ቢያወጣ፣ ታናሹን በሰው ፊት ቢያዋርድ፣ ያ ለዕድሜው አይሆንም። ያን ጊዜ ጋቢው ቢነጣ ምንም አያድነውም።

የጎረቤቴ ልጅ ሆይ፣ እናትሽን አልመክራቸውም። መራመድ ለምን እንደ ጀመሩ ጠይቀሽ ታውቂያለሽን? እኔ በረካው ላይ ጠየቅኋቸው፤ ስኳር እንዳለባቸውና ሐኪም እንዳዘዛቸው ነገሩኝ። ለአንቺ ያልነገሩሽ እንዳትሠጊ ብለው ነው፤ እኔ በመንገሬ ይቅር ይበሉኝ። የቱታው እግር ስለ ረዘመባቸው ተረከዙ ሥር እየገባ ያስቸግራቸዋል። ዓይኔ ክር በመርፌ ለማስገባት ቢደክምም መኪናዬ ገና ይሠራል፤ ይዘሽልኝ ነይ፣ እንዴት እንዲሆንላቸው እንደሚፈልጉም አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። የማለዳው ብርድ ከባድ ነውና ሲወጡ ላያቸው ላይ ነጠላ ጣል ያድርጉ፤ ቢቻልሽ አንቺም አብረሻቸው ውጪ።