ሮታሪውን ከመግጠምህ በፊት ትንፋሹን አድምጥ

ከፒያሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ከአባትህ የወረስካት ነጠላ ጋቢና ሂሉክስ ሞተሯ አርጅቶ፣ ዘመድህ ከማዝዳ አርኤክስ 7 የወረደ 13ቢ ሮታሪ ሞተር ሰጥቶህ «ይገጠማል ወይ?» ብለሃል።

ይገጠማል። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1977 በትንሽ ፒክአፕ ላይ ገጥሞት በሰሜን አሜሪካ ሸጧል። ሆኖም በያጁን ከመጥራትህ በፊት ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን እወቅ። ሻንሲ ካስቆረጡ በኋላ ሞተሩ የሞተ መሆኑን የተረዱ ሰዎች አይቻለሁ።

ሮታሪ ፒስቶንም ቫልቭም የለውም። በሁለት ቤቶች ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች ይዞራሉ፤ በጫፎቻቸው የተሰኩት ቀጫጭን ማሸጊያዎች የፒስቶን ፋሻን (የቀለበቱን) ሥራ ይሠራሉ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የሚታሰረው ካምቢዮው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ካምቢዮውን እሰርለት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ካንዴላ ፍታና በሞተሪኖ አዙረው። ፉፍ፣ ፉፍ፣ ፉፍ፤ ከእያንዳንዱ ቤት፣ ለሮተሩ ሦስት ጎን አንድ አንድ፣ ሦስት እኩል ትንፋሽ ነው የምትፈልገው። አንዱ ብቻ በርትቶ ሁለቱ ከሰለሉ የጫፍ ማሸጊያ ተሰብሯል፤ አንድ ማሸጊያ ሁለት ክፍሎችን ስለሚለይ ሲሰበር ሁለቱን ይዞ ይሄዳል። ተራ የኮምፕረሽን (የትንፋሽ ግፊት) መለኪያ ከሦስቱ ትልቁን ብቻ ይዞ ስለሚቀር ያታልልሃል፤ የመለኪያውን የውስጥ ቫልቭ አውጣና መርፌው ሲዘል ተመልከት። ንባቡን ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አታስተያይ። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ጤነኛ ሞተርም እዚህ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሦስቱን እርስ በርስ አወዳድር።

ካምቢዮው ከነቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ከሚዞረው ከባድ ጎማ) የሮታሪው የራሱ ይሁን፤ ቮላኖው ላይ ሞተሩን ሚዛን የሚያስጠብቅ ክብደት አለ። ካርዳኑ ያጥራል፣ ኮፓው (የዘይት መያዣው) ከፊት ድልድዩ፣ ሻንሲውን ከሚያቋርጠው ብረት፣ ጋር ይጋጫል፤ ይህ የብየዳ ጉዳይ ነው፣ ይፈታል።

ማቀዝቀዣው ግን አይታለፍም። እኛ ጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ይግላል፣ በቤቶቹ መካከል ውሃውን የሚያሽጉት ጎማዎችም ያልቃሉ። ከሙቀቱ ትልቅ ድርሻ ዘይቱ ስለሚሸከም የዘይት ማቀዝቀዣው አብሮ ይምጣ። ሮታሪ ዘይት የሚያቃጥለው በተፈጥሮው ነው፤ ማሸጊያዎቹን የሚያለሰልሰው እርሱ ነውና። የዘይት መርጫ ፓምፑን ከነቀልክ በየ20 ሊትር ቤንዚኑ 150 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ጨምር።

መኪናዋ ሲሚንቶ የምትጭን ከሆነ ግን ተወው። ጉልበቱ የሚመጣው በከፍተኛ ዙር ነው፤ ጭነት ይዘህ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጣ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቤንዚኑም ያስለቅስሃል። ለደስታህ ከሆነ ግን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ ለውጡን አስመዝግብ፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ይጠየቃል። እስከዚያው የትንፋሹን ድምፅ በስልክህ ቅዳና ላክልኝ።