«ገባችሁ?» ብላችሁ አትለፉ

ዘንድሮ ጠመኔ ለጨበጣችሁ ወጣት መምህራን ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን ደሴ ውስጥ በማስተማር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ልጅ ሲያዳምጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ውስጡ ግን ሥራ ላይ ነው።

አንድ ቀን ለአምስተኛ ክፍል ልጆች አጭር ታሪክ አነበብኩ። አንዲት እናት በጠዋት ከደሴ ተነስታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ጋቢዋን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። «ለምን?» አልኩ። ጎበዝ የምላት ልጅ ታሪኩን ቃል በቃል ደገመችልኝ፤ መልሱ ግን የለም። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ስለሞቃት ነዋ! ኮምቦልቻ ይሞቃል።» ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎቱ ጋር ስለሚወርድ ያውቀዋል። ታሪኩ ውስጥ «ሙቀት» የሚል ቃል አልነበረም። ክፍተቱን ከራሱ አምጥቶ ሞላው። እንቆቅልሽ እየተጠየቀ ያደገ ልጅ ይህን ሥራ ቤቱ ተለማምዶት ይመጣል። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ስለ ነገሩ ምን እንደሚያውቁ ጠይቋቸው። አዲስ ቃል ካለም አስቀድማችሁ ፍቱላቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያንን ልጅ እስከዚያ ቀን «ፈዛዛ» እለው ነበር። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ አየሁት። የሚጠፋብኝ ዝናብ ሲዘንብ ነው። የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ሲደበደብ ከኋላ ያለው ልጅ ጉልበቱን በሙሉ ድምፄን ለመልቀም ያውለዋል። ለማሰብ የሚተርፈው የለም።

አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ገደማ ነው ብሎ ጻፈ። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ካወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 4 አወረደው። ያውም ለአዋቂ ነው፤ ልጅ ላይ ያንሳል። አማርኛችን ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትናገሩ ልጁ ማን፣ ምንን፣ የትና መቼ የሚለውን ሁሉ ተሸክሞ ግሱን ይጠብቃል። ግሱ ሲመጣ ግማሹ ሸክም ወድቋል። አሳጥሩ። ያንን ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ እኔም አረፍተ ነገሬን ቆረጥኩ።

«ይህ ሁሉ ለማዳመጥ ብቻ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ለንባብም ነው። ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደል መፍታት ሲባዛ ንግግርን በመረዳት ነው። ማባዛት ነውና አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት በግዕዝ የሚደግም፣ ቁርአን በአረብኛ የሚቀራ ስንት ልጅ አለ፤ ንባቡ ይፈስሳል፣ ትርጉሙን ግን ገና ወደፊት ነው የሚማረው። ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅም እንደዚያው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ «ገባችሁ?» ልመለስ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎዎ!» ይላል። አትመኑት። ልጆቹ እየዋሹ አይደለም፤ እንዳልገባቸው ማወቅ ራሱ ችሎታ ነው፣ በልምምድ ነው የሚመጣው። እኔ ሆን ብዬ ታሪክ ውስጥ ስህተት እከት ነበር። አንዴ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን ወደ ሰኞ ገበያ ሲሄድ ጀመርኩ። መሀል ላይ ከጎኑ የምትሄደው ሚስቱ ደከማት አልኩ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ቀጠልኩ።

ከሁለተኛው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። «ቲቸር፣ ቅድም ብቻውን ነው አላሉም እንዴ?»